ከዱቤ ደብተሩ ጀርባ



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ንግድ ሕይወትህ ተናገር» ብሎኝ ነበር። ስለ ስኳርና ስለ ዘይት ዋጋ ግን ሁላችሁም ከእኔ ባላነሰ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ይሁንና፣ ካርቱም ውስጥ ሱቅ ስጠብቅ በኖርኩባቸው ዓመታት ለማንም ሳልናገር ስለቆየሁት ጉዳይ ላውራ። የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ የአነጋገር ጉድለት ቢኖርብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ያደግኩት ጎንደር ነው። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከግንባር አልተመለሰም። እናቴ በሰባት ዓመቴ ስትሞት ታላቅ እህቴን አንድ ዘመድ ወሰዳት፣ እኔን ሌላ። እኔን የወሰዱኝ ሰው አራዳ ገበያ አካባቢ ሱቅ ነበራቸው። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው ወገኖቼ ስለሆኑ ስማቸውን አላነሳም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሳንቲም ከጎደለ የሚጠየቀው እኔ ነበርኩ። በአለንጋ ተገርፌአለሁ፤ በበርበሬ ታጥኛለሁ፤ አንድ ሌሊት ደግሞ እጄ ታስሮ መጋዘን ውስጥ ከእህል ጆንያ ጋር አድሬአለሁ። ጩኸቴን ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር። «ልጅ ካልተቀጣ ሰው አይሆንም» ይሉ ነበር እንጂ አንድም ሰው ገብቶ አልጠየቀም።

አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ «ከእኛስ ያልተገረፈ ማን አለ?» ትሉ ይሆናል። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ የምለው ይህንኑ ነበር። ስለ በርበሬው ጭስ ቡና ላይ አውርቼ ያሳቅኋችሁ እዚህ አላችሁ። ስለ መጋዘኑ ግን አንድም ቀን ተንፍሼ አላውቅም።

በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በኮሮና ምክንያት ካርቱም ስትዘጋ ሁላችንም በየቤታችን ታፍነን ሰነበትን። በዚያ ሰሞን የ12 ዓመት ልጄ ከሱቁ መሳቢያ ገንዘብ ወሰደ። መውሰዱንስ ወስዷል። ቀበቶዬን ፈትቼ መታሁት። ስንት ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም፤ እጄን የያዘችው ባለቤቴ ናት። ልጁ ጥግ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት እኔ በፊት ለፊት ስገባ እሱ በጓሮ ይወጣ ጀመር።

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የዱቤ ደብተሩን ከመጨረሻው ገጽ ገልብጬ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ የመጋዘኑ በር አረንጓዴ እንደነበረ። በማግስቱ አንድ ገጽ ሞላ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ራሴን አመመኝ፤ ደንበኛ ላይም ጮህኩ። ደረቴን ቀለል ያለኝ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ የኋላ ኋላ ነገሩ የተጠና መሆኑን አስረዳችኝ። ጄምስ ፔንቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር እንዲጽፉ ተደርጓል። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ወዲያው ሲከፋቸው ታየ፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ሐኪም መመላለሳቸው ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ፌሊቲና አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ9,500 በላይ ጎልማሶች የሰጡትን መልስ መርምረው፣ በልጅነት የተደራረበ ጉዳት በጉልምስና ከድብርት፣ ከመጠጥ ሱስና ከልብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ ጽፈዋል። እኔ ሕመሜን ሁሉ የካርቱም ሙቀት ያመጣብኝ ይመስለኝ ነበር።

ደብተሩ ግን ብቻውን አልበቃኝም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እኔ እህል የሸጥኩ ሰው ነኝና ተዘግቶ የከረመ ነገር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። መጀመሪያ ለባለቤቴ ሰጠኋት። 18 ዓመት አብራኝ ስትኖር ይህን አታውቅም ነበር። አንብባ ስትጨርስ ምንም አላለችም፤ ተነሥታ ቡና አፈላች። ቀጥሎ ጎንደር ለእህቴ ደወልኩ። እሷም የራሷን ነገረችኝ፤ የሷን የማወራው እኔ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አርብ እንደዋወላለን።

ከሁሉ የከበደኝ ልጄ ነው። በእኛ ባህል አባት ከልጁ ፊት ቆሞ ይቅርታ አይጠይቅም። ጠየቅኩት። ለምን እንደመታሁት ሳይሆን እኔ በእሱ ዕድሜ ምን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ ሆኖም ይህ እሱን ለመምታት ምክንያት እንደማይሆነኝም ጨምሬ። «እሺ» አለና ወጣ። በዚያ ቀን የሆነው ይኸው ብቻ ነው። ከወር በኋላ ግን ማታ ሒሳብ ስዘጋ አጠገቤ መጥቶ መቀመጥ ጀመረ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ስለዚህ የሚናገር ሕግ መኖሩን የነገረኝ የለም። ዛሬ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 576 ሕፃንን የሚያንገላታ አሳዳጊን ይቀጣል። ከጎረቤት ጩኸት ስንሰማ «የሰው ገበና ነው» ብለን በራችንን መዝጋታችን ግን ዛሬም አለ፤ እዚህ በመካከላችንም ጭምር።

ደብተርም ጓደኛም የማይበቃው ቁስል ያለበት ሰው አለ። ለእሱ ሐኪም አለ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ያየን እብድ ይለናል ብለን እንፈራለን። የሱዳኑ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ የዛርንና የባህል ፈዋሾችን ነገር ሳይንቁ አጥንተው ሕዝባቸውን ወደ ሕክምናው ያስጠጉ ሰው ናቸው፤ ኦምዱርማን ውስጥ ሆስፒታል በስማቸው ተሰይሟል። ዛር ደግሞ ለእኛ ለጎንደሮች እንግዳ ነገር አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኛም ከዴም ሱቁን እንዳለ ጥለን ወደ ገዳሪፍ አመራን። ባለቤቴ የልጆቹን ወረቀት ያዘች፤ እኔ ውኃ ተሸከምኩ። መንገድ ላይ ልጄ ቦርሳውን ሲከፍት ደብተሩን አየሁት። ለዱቤው ይሁን ለኋላው ገጽ ብሎ እንደያዘው አልጠየቅኩትም።

ደብተሩ ዛሬም ቤቴ አለ። ከፊት ለፊቱ ገጽ ስማችሁ የተጻፈ ካላችሁ፣ ምሬአችኋለሁ።