መብራት ሲመለስ የማያትም ፕሪንተር

አቅራቢ 1፦ በወረታም ሆነ በፎገራ ቀበሌዎች መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት የቤት ኮምፒውተር ፕሪንተሩን እያየው ላያትም ይችላል። በሊኑክስ የኅትመቱን ወረፋ የሚያስተናግደው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ካፕስ ነው፤ ግንኙነት ሲቋረጥበት ወረፋውን ሊያቆመው ይችላል።

አቅራቢ 2፦ አስቀድሞ ግን ገመዱ ይፈተሻል። ተርሚናል ላይ «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚለው ትእዛዝ ተጽፎ የፕሪንተሩ ስም ካልወጣ፣ ገመዱን ወይም መሰኪያውን መቀየር ይቀድማል፤ ሶፍትዌር መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

አቅራቢ 1፦ ስሙ ከወጣ፣ በብራውዘር ወደ ካፕስ ገጽ፣ ወደ ሎካልሆስት 631 ይገባል። ፕሪንተሩ «ፖዝድ» ከተባለ «ሪዚዩም ፕሪንተር» ይመረጣል።

አቅራቢ 2፦ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ደግሞ የራሱ አመል አለው፦ በጠፋ ቁጥር የውስጥ ሶፍትዌሩን ይረሳል። ኤችፒሊፕ የተባለው የኤችፒ የሊኑክስ ሶፍትዌር ከነፕለጊኑ ከተጫነ፣ በበራ ቁጥር ኮምፒውተሩ መልሶ ይልክለታል።