104 የሚመታ ሰው ክለብ ይግባ?

እሷ፦ ቤይሩት የሚኖር አድማጫችን 18ቱን የጎልፍ ጉድጓድ በ104 ምት ነው የሚጨርሰው። «በዚህ ውጤት ክለብ ብገባ አያፍሩብኝም?» ይላል።

እሱ፦ ኧረ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው! ሃንዲካፕ፣ ማለትም ለተጫዋቹ እንደ አቅሙ ከውጤቱ የሚቀነስለት ምት፣ የተፈጠረው እኮ ደካማውና ጎበዙ አብረው እንዲጫወቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት እስከ 54 ይፈቀዳል።

እሷ፦ አንድ ቀን ክፉኛ ቢበላሽበትስ?

እሱ፦ አይጎዳውም። ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች የሚታሰቡት የተሻሉት 8ቱ ናቸው። በ4 ምት ያልቃል የሚባል ጉድጓድ ላይ 11 ጊዜ መታ እንበል። እዚያ ላይ አንድ ምት የሚታሰብለት ከሆነ፣ ለሃንዲካፑ የሚያዝበት 7 ብቻ ነው።

እሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። ሊባኖስ ከ2019 ወዲህ ሊራው ወድቆ ስንቱ ቁጠባውን ከባንክ ማውጣት አቅቶታል! በወር አንዴ ለሚጫወት ሰው የዓመት መዋጮ ከባድ ነው።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ውጤቱን ሳይሆን የሚጫወትበትን ቀን ይቁጠር። በየሳምንቱ ከሄደ ግን ይግባ ባይ ነኝ። አውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ ያለው የሊባኖስ ጎልፍ ክለብ በ1923 የተመሠረተ ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱንም አልፏል። ያንን ሜዳ ጠብቀው ያቆዩት አባላቱ ናቸው።

እሷ፦ እንግዲያው ከመመዝገቡ በፊት በእንግድነት ይጫወት፤ ክፍያውንም በጽሑፍ ይጠይቅ። ሦስት ሙሉ ዙር ካስመዘገበ ሃንዲካፕ ለማውጣት ይበቃዋል።