የድምፅ ምስክርነትና ወሰኑ



የወዳጁን ድምፅ ሰምቶ «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ያላለ ሰው የለም። ግምቱ ሥጋዊ መሠረት አለው። ሰው ሲጨነቅ ትንፋሹ ያጥራል፤ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይወጠራሉ። በተራ ንግግር የወንድ የድምፅ አውታር በሰከንድ 120 ጊዜ፣ የሴት ደግሞ 200 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ውጥረት ሲበረታ ቁጥሩ ይጨምርና ድምፁ ይቀጥናል። በሐዘን ግን ብዙውን ጊዜ ድምፅ ይወርዳል፣ ንግግርም ይጎተታል። የእኔ ክርክር እንዲህ ነው፦ ድምፅ የሰውነትን መነሣሣት ይመሰክራል፤ የመነሣሣቱን ምክንያት ግን አይመሰክርም።

ማስረጃው ከደጃችን አለ። እንደ ምሥራቅ ጎጃሙ ደብረ ወርቅ ባሉ ደብሮች በሚዘመረው ዜማ፣ ድፋት የሚባለው የዜማ ምልክት ድምፅን ወደ ታች ያወርዳል፤ ቁርጥ ባጭሩ ያቋርጠዋል፤ ርክርክ ያርገበግበዋል። የፈሪ ድምፅም ይርገበገባል፤ ተማሪው ግን ርክርክን የሚያወጣው ከመሪጌታው አጥንቶ እንጂ ፈርቶ አይደለም። በሰርግ የሚፎክረውንም ጎጃሜ ተመልከቱ፤ ድምፁ ከፍ ብሏል፣ ቃላቱ እየተቆረጡ ይወረወራሉ። የድምፅ መለኪያ ብቻ ቢሰማው «ተቆጥቷል» ይል ይሆናል፤ ሰርገኛው ግን በእልልታ ይቀበለዋል። ቁጣም ደስታም ድምፅን ከፍ ስለሚያደርጉ በከፍታው ብቻ አይለዩም።

«ዛሬ ኮምፒውተር ይለየዋል» የሚል ይኖራል፤ ክርክሩም ባዶ አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የቀረበው የአማርኛ የንግግር ስሜት ስብስብ በ65 ፈቃደኞች የተቀረጹ 2,474 ድምፆችን ይዟል፤ የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋና የጎንደር ዘዬዎች ተካተውበታል። ከመቶ 90 በላይ በትክክል የሚለይ ሞዴልም ተሠርቶበታል። ለቋንቋችን ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቅጂ ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ የሚረዝም ነው፤ ይህ ቁጣ፣ ያ ፍርሃት ብለው የለዩትም ስምንት ሰሚዎች ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ የተማረው ሰሚዎች የተስማሙበትን እንጂ በተናጋሪው ልብ ያለውን አይደለም።

«እንግዲያውስ ምን ይጠቅማል?» ለሚለኝ፣ ብዙ ይጠቅማል እላለሁ። የጤና ባለሙያ የታካሚዋ ንግግር ከራሷ ከወትሮው ይልቅ መቀዝቀዙን ካስተዋለ፣ ቀጥሎ የሚጠይቃትን ያውቃል። ለፍርድ ግን አይበቃም። የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የድምፅ ውጥረት መለኪያዎች በፖሊስ የተያዙ ሰዎች ስለ አደንዛዥ ዕፅ ከዋሹት የደረሱበት 15 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። እየፈራ እውነት የሚናገር አለ፤ ተረጋግቶ የሚዋሽም አለ። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም ድምፅ የሚሰበሰብ ከሆነ በባለቤቱ ፈቃድ፣ ከዕለት ንግግሩ ይወሰድ፤ ፉከራን ከጠብ በሚለይ ያገር ሰው ጆሮም ይመዘን። ውጤቱም ሰውን ቀርቦ ለመጠየቅ እንጂ ለመፈረጅ አይዋል።