«ግቡ፣ አይናከስም!»

«ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» የበዓል እንግዳ በር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። ከውስጥ የሚመለስለትም መልስ ከሮቤ እስከ ጎባ፣ ከሰነቴ ማዶም እስከ ሪራና እስከ ሃረና ጫካ ዳር አንድ ዓይነት ነው፦ «ግቡ፣ አይናከስም!» በዛሬው ወጋችን ይህችን «አይናከስም» የምትል ቃል ይዘን እንቆያለን። የምትነገረው በቅንነትና በእንግዳ አክባሪነት ነው። ሆኖም በበዓል ቀን ማንም ባለቤት ስለ ውሻው ሊሰጣት የማይችል ዋስትና ናት፤ ይልቁንም እንግዳው ሕፃን አስከትሎ ከመጣ።

ነገሩን ከውሻው በኩል እንየው። የባሌ ደጋ ውሻ የሚኖረው ለጥበቃ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ ይጮኻል፤ ቀን የማያውቀውን ሰው ከአጥር ውጭ ያቆማል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሥራው ስንተማመን ከርመን፣ በአረፋ ወይም በመስቀል በሩን ወለል አድርገን አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች በላዩ ላይ እናስገባለን። ግቢው ደም ደም ይሸታል፤ ቆዳው ተወጥሯል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ከወትሮው የበዛ አጥንትም ይወረወርለታል። ጠግቦ ለማያድር ውሻ ያ አጥንት እንዳይነጠቅ የሚጠብቀው ንብረቱ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ይህን ከየት ያውቃል? አጥንቱን ሊያቀብለው፣ ወይም አንገቱን ሊያቅፍ ይጠጋል። አዋቂ ቢነከስ ብዙውን ጊዜ እግሩን ወይም እጁን ነው፤ የሕፃን ፊት ግን ከውሻ አፍ ጋር ትክክል ስለሆነ፣ ጉዳቱ ፊቱ፣ ራሱና አንገቱ ላይ ያርፋል። «የሚናከስ ውሻ ጥርሱን አያሳይም» እንላለን፤ በዚህ ላይ ግን ተረቱን አልቀበለውም። ውሻ ከመናከሱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል፦ ባለበት ይደርቃል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ያጉረመርማል። ሕፃኑ ይህን ማንበብ አይችልም፤ የተገለጠ ጥርስ ሲያይ የሳቀለት ይመስለዋል። እኛ አዋቂዎቹ ደግሞ ውሻው ባጉረመረመ ቁጥር በዱላ እንለዋለን፤ እንዲህ የተቀጣ ውሻ የሚማረው ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ መናከስን ነው።

«ልጆቻችን እኮ አብረውት ነው ያደጉት» የሚል መልስ ይኖራል። እውነት ነው፣ ብዙ ውሾች የቤታቸውን ልጅ ይታገሣሉ። ነገር ግን ትናንሽ ልጆችን በብዛት የሚነክሰው የመንገድ ውሻ ሳይሆን የሚያውቁት ውሻ ነው፤ ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ሴቷ ቡችሎቿን ስታጠባ ስለሚጠጉ። በዚያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣው የአክስት ልጅ አብሮት አላደገም። እሱ የሚያውቀው ሶፋ ላይ የሚወጣ ትንሽ ውሻ ሊሆን ይችላል፤ ከጅብ ጋር የሚፋጠጠውን የደጋ ውሻ እንደዚያው ሊደባብስ እጁን ይዘረጋል።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ የታሰረ ውሻ ይከፋል፤ ደግሞስ ካሰርነው ማን ይጠብቀናል? የመጀመሪያው ክፍል ትክክል ነው። በሰንሰለት የተያዘ ውሻ መሸሽ ስለማይችል ያለው ምርጫ መናከስ ብቻ ይሆናል፤ እንግዳ በሚያልፍበት በር አጠገብ ማሰር ከሁሉም የከፋው ነው። ስለዚህ የሚሻለው ማሰር ሳይሆን ለይቶ ማኖር ነው። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ወደ ጓሮ ወስዶ ልጅ ሊከፍተው በማይችል በር ወይም አጥር መዝጋት፣ ውሃና አጥንቱን እዚያው መስጠት። ጥበቃውን በተመለከተ፣ ጅብ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ እንግዶቹ ሲሸኙ ውሻው ይለቀቃል። ከእንስሳቱ ጋር ሜዳ ለሚውለው የእረኛ ውሻ ይህ ይከብዳል፤ እዚያ ያለው መላ ልጁን ከአዋቂ ዓይን አለማራቅ ነው።

ውሻን በርቀት መያዝ በባሌ የሃይማኖት መሠረትም አለው፤ በብዙ ሙስሊም ቤት ምራቁ ስለሚያረክስ ደጅ ይኖራል፣ በክርስቲያኑም ቤት ቢሆን ከማድቤት ይባረራል። ርቀቱ ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ ማንም የማይነካው ውሻ ማንም የማያስከትበው ውሻ ሆኖ መቅረቱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ በዓመት ወደ 2,700 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሽታው አለባቸው ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ልጆች ናቸው። ባሌ ይህን በሽታ በሌላም ያውቀዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003፣ ከውሾች የተዛመተው በሽታ ቀይ ቀበሮን ፈጅቷል፤ በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ በተጠቁት መንጋዎች ውስጥ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ አልቀዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በዚያው አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገበሬውን ውሾች የሚከትበው ለዚህ ነው። ቀበሮውን የሚያድነው መርፌ ጓሮ ያለውን ልጅም ያድናል።

ጥንቃቄው ተጥሶ ልጅ ከተነከሰ፣ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ጭረት ብትሆንም፣ የነከሰው ቡችላ ቢሆንም። ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ቤተሰብ አለ፤ እምነቱን አልነካም፣ ነገር ግን ክትባቱን አስቀድሞ ይሂድ፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መትረፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለ እርዱም አንድ ነገር ልጨምር፦ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይጣል፣ በጥልቅ ይቀበር። ያን የበላ ውሻ በአንጀቱ ትል ያፈራል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ፣ በፀጉሩና በሣሩ አልፎ ወደ ልጆች እጅና አፍ ይደርሳል፤ ከዓመታት በኋላም በሰው ጉበት ላይ ያንኑ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል።

ዓለም የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስብበት ቀን ሴፕቴምበር 28 ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ ራሱ መስቀል። ለበዓሉ እንግዳ ግን ያ ቀን ዘግይቷል። ክትባት በውሻው ደም ውስጥ ሥራውን እስኪጀምር ሳምንታት ይፈልጋል። ለመስቀል የሚደርሰው በነሐሴ የተሰጠው ነው፤ ለአረፋም ከአንድ ወር በፊት፣ በጉ ገና ገበያ ሳይወጣ።