መሣሪያው ከነማደሪያው



የሒሳብ ክፍል መድረክ ሲያገኝ ስለ ብድርና ቁጠባ እንደሚያወራ ታውቃላችሁ። ዛሬም የምናወራው ስለ ብድር ነው፤ በሣጥን በኩል ዞረን እንመጣበታለን እንጂ።

በእንጨት ሥራ የተሰማሩት እኅቶቻችን ወገል ጤና ከተማ ተቀምጠው አይሠሩም። በርና መስኮት፣ አግዳሚ ወንበር፣ የንብ ቀፎ የሚያዛቸው ሰው ገጠር ነው፤ ባህር ዛፉም ያለው እዚያው ነው። ግንዱን ወደ ከተማ ከማጋዝ መሣሪያውን ወደ ግንዱ መውሰድ ይቀላል። ስለዚህ የሦስት የአራት ቀን ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ፤ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሠሩ ይውሉና ሸራ ወጥረው ያድራሉ። መሣሪያውም አብሮ ሜዳ ላይ ያድራል።

ይህ መሣሪያ በብድር የተወሰደ ነው። መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ስኳድራ፣ ውኃ ልክ፣ ሁሉም በእያንዳንዷ እኅት ስም ተመዝግቧል። መሮው ሣር ውስጥ ቢቀር፣ መጋዙ ቢዝግ፣ ዕዳው አይዝግም። ለምትክ መሣሪያ የቀረቡልንን የብድር ጥያቄዎች ስናገላብጥ፣ በሥራ ብዛት ያለቀ መሣሪያ ጥቂት ነው። የሚበዛው በመንገድና በማደሪያ የተበላሸው ነው።

እንዴት ይበላሻል? ሁሉም በአንድ የማዳበሪያ ከረጢት ይከተታል። መዶሻው የመሮውን ስለት ይመታዋል፤ የመጋዙ ጥርስ ከመላጊያው ብረት ጋር ሲፋተግ ይውላል። የደላንታን ብርድ ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ላይ ጤዛ ያወጣል፤ ከረጢቱ ላስቲክ ከሆነ እርጥበቱ መውጫ የለውም። ወደ በሽሎ ቆላ ለሚወርዱት ችግሩ ሌላ ነው። ደጋ ላይ ጠብቆ የገባ የመጥረቢያ እጀታ በደረቁ ሙቀት ይኮማተርና ይላላል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለዕለቱ ያጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ግን ከቀድሞው ይብሳል። መድኃኒቱ ሽብልቅ ነው፤ ትርፍ ሽብልቅ ይያዝ።

አገራችን ብረት ተሸክሞ ገደል መውጣትና መውረድ አዲሷ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር በኩል አስጎትተው፣ መንገድ እያስጠረጉ በዋድላና በደላንታ አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው ግን ሠራዊት ነበራቸው። እኅታችን ያላት አንድ አህያ ነው፤ እሱም ከተገኘ።

ሣጥን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ትልቅ ሣጥን ነው። እኛ የምንለው ሁለት ትንንሽ ነው። ርዝመቱ 45፣ ወርዱና ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በ12 ሚሊ ሜትር የባህር ዛፍ ሳንቃ የተሠራ ሣጥን ባዶውን ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱ ባዶ ሣጥኖች 8 ኪሎ መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ አንሸሽገውም። ነገር ግን አህያ ላይ ግራና ቀኝ ሚዛን ይጠብቃሉ፤ አህያ ከሌለም ሁለት ሰው ይካፈላቸዋል። ቁመታቸው እኩል ስለሆነ ሥራ ቦታ ላይ ሳንቃ ተጋድሞባቸው ይቆረጥባቸዋል። በአንዱ ከባዱ ይግባ፦ መዶሻ፣ መላጊያ፣ ጉጠት። በሌላው ስለትና ልኬት ይግባ። መሮዎቹ ኪስ ኪስ ባለው የሸራ መጠቅለያ ይጠቅለሉ፤ እሱን ልብስ ሰፊዎቹ አባሎቻችን ይሰፉታል። መጋዙ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ጥርሱን የተሰነጠቀ ከመነዳሪ አልብሶ ከውጭ ማሰር ነው።

ስለ ዘይትም አንድ ነገር እንበል። ቤት ያለው የኑግ ዘይት ቢሆንም ለብረት አይሆንም፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል።

ከክዳኑ ውስጥ በኩል የእያንዳንዱ መሣሪያ ሥዕል ይሣል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም ሥዕሉን አይተው የጎደለውን ያውቃሉ። ቆጠራው ሳይጨልም ነው የሚደረገው፤ ፍቅፋቂ ውስጥ የገባን መሮ በባትሪ ብርሃን መፈለግ ምን እንደሆነ የፈለገ ያውቃል።

አንዳንድ አባላት «ሣጥን ጨምሩ ማለት ዕዳ ጨምሩ ማለት ነው» ብለዋል። ቅሬታው እውነት አለው። ስለዚህ ሳንቃው ከቁርጥራጭ ይሁን፤ ሠሪዋም ባለቤቷ ትሁን። በገንዘብ የሚገዛው ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ሚስማርና ገመድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመሣሪያው ብድር ጋር በአንድ ውል ይያዝ። ሣጥኗን ሠርታ ያላሳየች አባል መሣሪያ እንዳትረከብም እንጠይቃለን። ጠንከር ያለ ደንብ ነው፤ ለሌለ መላጊያ በየወሩ ከመክፈል ግን ይቀላል። ለጋሾቻችንንም አደራ የምንለው አለ፦ በበጀታችሁ ላይ «የመሣሪያ መግዣ» የሚል መስመር እናያለን፤ ከሥሩ «ማስቀመጫና መያዣ» የሚል ይጨመርልን።

ለናሙና የተሠሩት ሁለት ሣጥኖች በሩ አጠገብ ናቸው፤ ውስጣቸው ሙሉ ነው። ስትወጡ ተሸክማችሁ እስከ ገበያው ደርሳችሁ ተመለሱ። ገመዱ ትከሻ የሚቆርጥ ከሆነ ንገሩን፤ ስፋቱን የምንወስነው ሐሙስ ነው።