ዶርዶኝ፦ ከዋሻ ሥዕል እስከ ተፋጣጭ ግንቦች

(የመግቢያ ሙዚቃ)

ዛሬ የምናቀናው ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ወደ ዶርዶኝ ገጠር ነው።

በሞንቲኛክ ከተማ አጠገብ የላስኮ ዋሻ ይገኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 አራት ወጣቶች ሲገቡበት ግድግዳውና ጣሪያው በበሬ፣ በፈረስና በአጋዘን ሥዕል ተሞልቶ አገኙት። የሥዕሎቹ ዕድሜ 17 ሺህ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። አንዱ በሬ ብቻውን ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ቀለሙም ከቀይና ቢጫ አፈር፣ ከጥቁር ማዕድንም የተገኘ ነው።

ታዲያ ዋሻው ለምን ተዘጋ? የጎብኚው ትንፋሽና እርጥበት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ አልጌ አበቀለ። በ1963 በሩ ለሕዝብ ተዘጋ። ዛሬ የሚጎበኘው በአቅራቢያው የተሠራው፣ በ2016 የተከፈተው ሙሉ ቅጂ ነው።

ከዚያ ወደ ዶርዶኝ ወንዝ ውረዱ። ቤናክና ካስቴልኖ የተባሉት ግንቦች ከገደል አናት ሆነው ወዲህና ወዲያ ማዶ ይፋጠጣሉ። በመቶ ዓመቱ ጦርነት ቤናክ የፈረንሳይ ወገን ሲሆን ካስቴልኖ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዞች እጅ ቆይቷል። አሁን ካስቴልኖ የጦር መሣሪያ ሙዚየም ነው፤ ግዙፍ የድንጋይ መወንጨፊያዎች በግቢው ቆመዋል።

ቅዳሜ ከደረሳችሁ የሳርላን ጥንታዊ ከተማ ከነገበያዋ እዩ። በሐምሌና ነሐሴ ጎብኚው ስለሚበዛ የላስኮን ትኬት አስቀድማችሁ ቁረጡ።

(ሙዚቃ)