ስለ ወታደር ወላጅና ስለ ትናንሽ ልጃገረዶች የስካውት ቡድን

(ለደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር)



ልጅን በአደራ መቀበል ከባድ ሥራ ነው። የራሱን ልጅ የሚያሳድግ ሰው ዛሬ ቢሳሳት ነገ ያቃናዋል፤ የጎረቤቱን ልጅ የተቀበለ ግን ወደ እናቷ እጅ እስኪመልሳት ድረስ በየሰዓቱ ተጠያቂ ነው። አደራው ይልቁን የሚከብደው፣ ነገ በየት አገር እንደሚውል በገዛ ፈቃዱ ሊቆርጥ ለማይችል ሰው ነው። ወታደር እንዲህ ያለ ሰው ነው። ትእዛዝ በመጣለት ጊዜ ወይ ቤተ ሰቡን ይዞ፣ ወይ ቤተ ሰቡን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ንግግር የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው፤ እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ወላጅ፣ የትናንሽ ልጃገረዶችን የስካውት ቡድን ሊመራ ይገባዋልን? ቢገባውስ፣ አመራሩ እንዴት ያለ ሊሆን ይገባል?

ነገሩ ለዚህ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። ትውልዳቸው ከኢትዮጵያ ሆኖ በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ልጆቻቸውም ከአንዱ የጦር ሰፈር ወደ ሌላው ሲዛወሩ፣ ገና የለመዱትን ትምህርት ቤትና ገና ያፈሩትን ጓደኛ ትተው ይሄዳሉ። በአሜሪካ አንዲት የወታደር ልጅ ትምህርቷን ከጀመረችበት እስከምትጨርስበት ድረስ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ ትምህርት ቤት እንደምትለውጥ ይነገራል። እንዲህ ላለች ልጅ፣ በሄደችበት ሁሉ ያው ሕግ፣ ያው ሰላምታና ያው ልብስ የሚጠብቃት ማኅበር መኖሩ ትልቅ መጽናኛ ነው።

የስካውት ሥራ ራሱ ከወታደር እጅ የወጣ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሥራቹ ሮበርት ቤደን ፓወል የእንግሊዝ ጄኔራል ነበሩ፤ በደቡብ አፍሪካ የማፈኪንግን ከተማ ከ1899 እስከ 1900 ዓ.ም. 217 ቀን ተከበው የጠበቁ ሰው ናቸው። ለወንዶች ልጆች የስካውትን መጽሐፍ በ1908 ዓ.ም. አሳተሙ። በሚቀጥለው ዓመት ስካውቶች በሎንዶን በክሪስታል ፓላስ በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ማንም ያልጠራቸው ልጃገረዶች ከወንዶቹ ጋር መጥተው ተገኙ። ስለዚህም በ1910 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች የተለየ ማኅበር ቆመ፤ የጄኔራሉም እኅት አግነስ ቤደን ፓወል መሩት። ነገር ግን እኒህ ጄኔራል የወታደርን ሰልፍ የልጆች ማሳደጊያ አድርገው አልወሰዱትም። ልጅ በጨዋታ፣ ዱርንና ሜዳን በመመልከት፣ ከዕድሜውም ጋር የሚመጣጠን ኃላፊነት በመሸከም እንዲያድግ ፈለጉ እንጂ፣ ትእዛዝ ብቻ እየጠበቀ እንዲቆም አልወደዱም። ሰልፍን በሚገባ የሚያውቅ ሰው፣ ሰልፍ ለልጅ እንደማይበቃው መመስከሩ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ይህን ሥራ ወደ አሜሪካ ያስገቡት ወይዘሮ ጁልየት ጎርደን ሎውም የወታደር ልጅ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. በጆርጂያ ግዛት በሳቫና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በደቡቦቹ ወገን በመኮንንነት ተዋጉ፤ በ1898 ዓ.ም. ከእስፓንያ ጋር በተደረገውም ጦርነት ብርጋዴር ጄኔራል ሆነው አገለገሉ። በዚያው ዓመት እናታቸው በማያሚ ለታመሙ ወታደሮች ማገገሚያ ቤት አቁመው ሲያስታምሙ፣ ጁልየትም ረዷቸው። ከዚህ በኋላ ማርች 12 ቀን 1912 ዓ.ም. በሳቫና የመጀመሪያውን ቡድን በ18 ልጃገረዶች አቆሙ። በቤት የሚጠሩበት ስም ዴዚ ነበረ፤ ይህም የአበባ ስም ነው። በ1984 ዓ.ም. በዚሁ ስም ዴዚ የሚባል የትናንሾቹ ልጃገረዶች ደረጃ ተቋቋመ፤ ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ክፍል ያሉ ልጃገረዶች ዴዚ ተብለው ይመዘገባሉ፤ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች ደግሞ ብራውኒ ይባላሉ።

እንግዲህ ወታደር የሆነ ወላጅ እነዚህን ሕፃናት ሲቀበል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የስካውቶቹ ሕግ አሥር ክፍል አለው፤ ዴዚዎችም እያንዳንዱን ክፍል ተምረው ሲፈጽሙ፣ በሰማያዊ ልብሳቸው ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም የአበባ ቅጠል ይቀበላሉ። አንዱ ስለ እውነተኛነትና ስለ ቅንነት፣ አንዱ ስለ ወዳጅነትና ስለ ረዳትነት፣ አንዱ ስለ ርኅራኄ፣ አንዱ ስለ ድፍረትና ስለ ብርታት፣ አንዱ ለቃልና ለሥራ ኃላፊ ስለ መሆን፣ አንዱ ራስንና ሌላውን ስለ ማክበር፣ አንዱ ባለ ሥልጣንን ስለ ማክበር፣ አንዱ ሀብትን በጥበብ ስለ መያዝ፣ አንዱ ዓለምን ስለ ማሻሻል፣ አንዱም ለስካውት ሁሉ እኅት ስለ መሆን ነው። ባለ ሥልጣንን ማክበር ከአሥሩ አንዱ ነው፤ አሥሩን ሁሉ ግን አይደለም። ከጦር ሰፈር የመጣ ወላጅ ይህን አንዱን ቅጠል አብልጦ ስለሚያውቀው፣ አበባው በእርሱ ብቻ የቆመ ሊመስለው ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ ዝም ብላ በመቆሟ ደስ ከመሰኘት ይልቅ፣ ያጠፋችውን ነገር ሳትፈራ መናገሯን ወይም ለሚያለቅሰው ጓደኛዋ ቦታ መልቀቋን ማየት ይበልጣል።

ጸጥ ማሰኘት ያስፈለገ እንደ ሆነ፣ ስካውቶች ለዚህ ያላቸው ምልክት መልካም አስተማሪ ነው። መሪው አንዳች ሳይናገር ቀኝ እጁን ያነሣል፤ ያየችው ልጅ እጇን አንሥታ ዝም ትላለች፤ እርሷን ያየች ሌላይቱም እንዲሁ ታደርጋለች። ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታው በአንድ ሰው ጩኸት ሳይሆን በልጆቹ ሁሉ ስምምነት የመጣ ነውና፣ መሪው ባይኖርም ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።

ይህ ማለት ግን ወታደር ለልጆቹ የሚያመጣው ስጦታ የለውም ማለት አይደለም። ከሰዓቱ ቀድሞ መድረስ፣ ዕቃን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ሲወጡም ሲገቡም መቁጠር፣ ዝናብ ቢመጣ የሚደረገውን በፀሐይ ማሰብ፣ እነዚህ ሁሉ የወታደር ትምህርት ናቸው፤ ለሕፃናትም ሕይወት ናቸው። የማኅበሩም ሥርዓት ይህንኑ ይጠይቃል። በስብሰባ ላይ ለ12 ዴዚዎች ሁለት ዘመድ ያልሆኑ አዋቂዎች ሊኖሩ ይገባል፤ ከሁለቱም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሆናለች፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ለስድስት ዴዚዎች ሁለት አዋቂዎች ያስፈልጋሉ። ማዕርግ ግን ከደጅ ይቀራል። የኮሎኔሉም ልጅ፣ የተራውም ወታደር ልጅ ያንኑ ሰማያዊ ልብስ ይለብሳሉ፤ ጠረጴዛውን የሚጠርግ፣ መክሰሱን የሚያድል፣ ባንዲራውን የሚይዝ በተራ ሰሌዳ ይታወቃል። በአገራችን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ያላቦካች ልጅ ነገም ማቡካት አታውቅምና፣ ትዕግሥት ያለው መሪ ሊጡን ለእርሷ ይተዋል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። በጦር ሰፈር በሚሰበሰብ ቡድን ውስጥ፣ አባቷ ወይም እናቷ ወደ ሩቅ ዘመቻ የሄደባት ልጅ አትጠፋም። የመሪውም ቤት እንዲሁ ባዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ «አባትሽ በቅርቡ ይመጣል» ብሎ ማጽናናት ይቀላል፤ ነገር ግን የወታደር መመለሻ ቀን የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፣ ቃሉ ሐሰት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ልጅቱ መሪዋን ማመን ትተዋለች። ብዙዎች ወላጆች የወረቀት ሰንሰለት ሠርተው በየቀኑ አንዱን ቀለበት ይቀንሳሉ። ከዚህ ይልቅ ላለፈው ቀን አንድ ቀለበት መጨመር ይሻላል። የቀረው ቀን ቢረዝም የሚቀነሰው ሰንሰለት ይዋሻል፤ የሚጨመረው ግን ሁልጊዜ እውነት ይናገራል፤ ልጅቱም ምን ያህል ቀን እንደ ቻለች በዓይኗ ታያለች። ለልጅ እውነቱን በልኳ መንገር የመሪ መጀመሪያ ግዴታ ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መሪው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ የሚዛወር ከሆነ፣ ልጆቹን አስለምዶ መለየት ጭካኔ አይሆንምን? ለሚለው፣ ከወይዘሮ ጁልየት ሎው ሥራ የተሻለ መልስ አይገኝም። እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. በስኮትላንድ ግሌን ላየን በሚባል ሸለቆ ሰባት ልጃገረዶችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ወደ ሎንዶንም በሄዱ ጊዜ ሁለት ቡድኖች አቆሙ። ነገር ግን በሎንዶን ሊቀመጡ አልቻሉም፤ በ1912 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነበርና። በዚህ ጊዜ ልጆቹን አልበተኑም፤ በእግራቸው የሚተካ ሰው ፈለጉ። ያገኟቸውም ወይዘሮ ሮዝ ኬር የተባሉ፣ በኋላ አድሚራል የሆኑት የባሕር ኃይል መኮንን የማርክ ኬር ባለቤት ነበሩ። ወይዘሮ ኬር ጊዜ እንደሌላቸው፣ በሎንዶን እንደማይኖሩ፣ ልጃገረዶችንም መያዝ እንደማያውቁበት ተናገሩ። ወይዘሮ ሎው ጆሯቸው በደንብ አይሰማም ነበርና፣ ምክንያቱን ሁሉ እንዳልሰሙ ሆነው የሚቀጥለው ስብሰባ የሚደረግበትን ቀን ነገሯቸው። ወይዘሮ ኬርም ቡድኑን ተቀበሉ፤ ከዚያም በዚህ ሥራ ጸንተው፣ በ1932 ዓ.ም. የልጃገረዶቹን ማኅበር ታሪክ ጽፈው እስከ ማሳተም ደረሱ። የአንዲቱ መሄድ የሌላይቱ መጀመሪያ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው፣ መሄድ ራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ነው። ጥፋቱ ተተኪ ሳያዘጋጁ መሄድ ነው። ስለዚህ ወታደር የሆነ ወላጅ የመሰናበቻውን ቀን በመጨረሻው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ስብሰባ ሊያስበው ይገባል። አብሮት የሚመራው ሰው፣ ዕቃ የሚያቀብል ረዳት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በየተራው ስብሰባውን ይምራ። የቡድኑ ገንዘብ የቡድኑ እንጂ የመሪው ስላልሆነ፣ ሂሳቡ ሌላ ሰው አንብቦ በሚረዳው አኳኋን ይጻፍ። የእያንዳንዷ ልጅ ነገር፣ ይኸውም ምን ዓይነት ምግብ እንደማይስማማት፣ ጨለማ የምትፈራው ማን እንደ ሆነች፣ ከስብሰባ በኋላ ማን እንደሚወስዳት በደብተር ይስፈር። ትእዛዙም በደረሰ ጊዜ ለልጆቹ በግልጥ ይነገራቸው፤ አዲሱ መሪ ከቀድሞው ጋር ጥቂት ስብሰባ አብሮ ይቁም። በመጨረሻውም ቀን ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው፣ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ ላይ አስተላልፈው እጅ ለእጅ ይያያዙ፤ አንዲቱ የጓደኛዋን እጅ ስትጨብጥ ያቺም ለሚቀጥለው እያስተላለፈች፣ ጭብጡ ዞሮ ወደ ጀመረችው ይመለስ። የሚሄደው መሪም በዚያ ክብ ውስጥ ሆኖ ይሰናበት።

የምትዛወረው ልጅቱ ራሷ የሆነች እንደ ሆነ ደግሞ፣ ያገኘቻቸው የአበባ ቅጠሎች የእርሷ ናቸው፤ አባልነቷም ከእርሷ ጋር ይሄዳል። አሜሪካውያን ከአገራቸው ውጭ የመጀመሪያውን የልጃገረዶች ስካውት ቡድን በቻይና በሻንጋይ ከተማ በ1925 ዓ.ም. አቁመው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በጀርመንና በጃፓን ባሉት የጦር ሰፈሮቻቸው እንዲህ ያሉ ቡድኖች ቆመዋል። አዲስ ልጅ በመጣች ቀን፣ የትመጣዋን ከመጠየቅ አስቀድሞ በተራ ሰሌዳው ላይ ስሟን መጻፍ የተገባ ነው። ሥራ የተሰጣት ልጅ እንግዳ አይደለችም።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ይህ የምናከብረው ኢዮቤልዩ ራሱ ለዚህ ነገር ምስክር ነው። የደብሩን መሠረት ካኖሩት ሰዎች ዛሬ በመካከላችን የሌሉ አሉ፤ አንዳንዶቹ ዐረፉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ቅዳሴው ግን አልተቋረጠም፤ ምክንያቱም ካህኑ ዲያቆኑን፣ አባቱ ልጁን፣ እናቲቱ ሴት ልጇን በጊዜው አስተማሩ። ወታደር የሆነ ወላጅም በትንሿ ቡድኑ ውስጥ ይህንኑ ያድርግ። ሳይቆይ የሚሄድ ሰው ምንም አይጀምር ከማለት ይልቅ፣ የሚሄድ ሰው ከሌላው ይልቅ በሚገባ ይጀምር ማለት ይሻላል። የመሪ መልካምነት የሚታወቀው እርሱ ባለበት ቀን ብቻ አይደለምና፤ እርሱ ከሄደ በኋላ በሚመጣው ስብሰባ ላይ፣ አንዲት ሕፃን ሳታዘዝ ቀኝ እጇን አንሥታ ጓደኞቿ ሁሉ ጸጥ ያሉ እንደ ሆነ፣ አደራው ተፈጽሟል።